በሌሎች ፈለኮች ላይ የሚደረግ የመልእክት ቅብብል፤ ስለ አጀማመሩና ስላጋጠመው ፈተና የተደረገ አጭር ጥናት

ታላላቆቻችን እንደሚያጫውቱን፥ ከሀዋሳ ወደ ገጠር የሚላክ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ወደሌለበት ቦታ የሚደርሰው በሰው እጅ ነበር። ደብዳቤው ለጭነት መኪና ረዳት ይሰጣል፤ ረዳቱም መኪናው ከአንዲት ሻይ ቤት ፊት ለጥቂት ደቂቃ በሚቆምበት ጊዜ ለተቀባዩ ያስረክባል። ተቀባዩ በዚያች ሰዓት ከመንገዱ ዳር ካልተገኘ ደብዳቤው ከረዳቱ ጋር ያልፋል፤ ምናልባት በሳምንቱ ይመለሳል፥ ምናልባትም አይመለስም። እንግዲህ በዚህ አሠራር ውስጥ ዋናው ነገር የረዳቱ ታማኝነት ወይም የመኪናው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ላኪና ተቀባይ ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው አስቀድመው የተስማሙት ቀጠሮ ነበር እንጂ።

ይህን ተራ ነገር በመግቢያችን ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ምንም እንኳ በብዙ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጸም ቢሆን፥ ጠባዩ ከረዳቱ ደብዳቤ እጅግም የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። ይኸውም አንድ መንኰራኵር በአንድ ፈለክ መሬት ላይ አርፎ ያየውንና የለካውን ነገር በራዲዮ ሞገድ ወደ ላይ ሲልክ፥ ሌላ መንኰራኵር ደግሞ በፈለኩ ዙሪያ እየዞረ ያን መልእክት ተቀብሎ ወደ ምድር የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያውን አራፊ፥ ሁለተኛውን ዟሪ እያልን እንጠራቸዋለን። ስለ አራፊዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ፎቶግራፎቻቸውንም ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ስለ መልእክተኛው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የጥናታችንም ምክንያት ይኸው ነው። ዘመኑን ሁሉ የቆጠርነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ልብ ይበልልን። የፈለኮቹንም ስም በተለመደው አጠራር ጽፈናል፤ የጥንት የአገራችን ኮከብ ቆጣሪዎች ግን ማርስን መሪኅ፥ ቬኑስን ዝሁራ፥ ሳተርንን ዙሐል ይሉ እንደነበር እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

በመጀመሪያ፥ አራፊው ራሱ በቀጥታ ከምድር ጋር ለምን አይነጋገርም የሚል ጥያቄ ከጓደኞቻችን ቀርቦልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማርስ ከምድር ያላት ርቀት ከ55 ሚሊዮን እስከ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ይለዋወጣል፤ የራዲዮ ሞገድም ይህን ርቀት ለመጨረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሞገዱ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አራፊው ክብደቱ የተወሰነ ነው፤ የፈለኩን አየር ሰንጥቆ በጃንጥላ ወይም በሮኬት የሚወርድ ስለሆነ ትልቅ አንቴናም ብዙ ኃይልም ሊሸከም አይችልም። ዟሪው ግን ትልቅ አንቴና ዘርግቶ፥ ሰፊ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ተሸክሞ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ አራፊው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከበላዩ ለሚያልፈው ጎረቤቱ በትንሽ ኃይል ይናገራል፤ የሩቁን መንገድ ዟሪው ይጨርሰዋል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ኪውሪዮሲቲ ዟሪው ከበላይዋ በሚያልፍበት 8 ደቂቃ ያህል ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊዮን ቢት መረጃ ልታቀብል ትችላለች። ያንኑ 250 ሚሊዮን ቢት በራሷ አንቴና በቀጥታ ወደ ምድር ብትልከው እስከ 20 ሰዓት ሊፈጅባት ይችላል።

ይህ ጥቅም ታዲያ በነጻ አይገኝም። ዟሪው ሁልጊዜ ከአራፊው በላይ አይቆምም፤ ይመጣል፥ ያልፋል፥ ከአድማስ በታች ይሰወራል። ስለሆነም ቀጠሮ ያስፈልጋል። የዚህም ሥራ ታሪክ ስለ አንቴናና ስለ ባትሪ መሻሻል ከሚናገረው ይልቅ ስለ ቀጠሮ የሚናገረው እንደሚበዛ ወደ ኋላ እናሳያለን።

ሙከራው የተጀመረው በሶቪየት ኅብረት ሰዎች ነው። በ1971 ማርስ 2 እና ማርስ 3 የተባሉትን መንኰራኵሮች ላኩ፤ እያንዳንዳቸው ዟሪና አራፊ የያዙ ነበሩ። የማርስ 2 አራፊ በኖቬምበር 27 ቀን ተከሰከሰ። የማርስ 3 አራፊ ግን በዲሴምበር 2 ቀን በደኅና አረፈ፤ ካረፈም አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል በኋላ ለዟሪው መናገር ጀመረ፤ ነገር ግን ሃያ ሴኮንድ ሳይሞላው ዝም አለ። በዚያን ጊዜ መላዋን ማርስ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ነበር። ማዕበሉ ገለበጠው ወይስ መሣሪያው ተበላሸ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። በማርች 1974 የደረሰው ማርስ 6 ደግሞ እየወረደ ሳለ ለአራት ደቂቃ ጥቂት ላልሞላ ጊዜ መረጃ ሰጥቶ፥ ሊያርፍ ሲቃረብ ድምፁ ጠፋ። ያቺን የአራት ደቂቃ መረጃ የተቀበለለት አብሮት የመጣውና ፈለኩን አልፎ የሚሄደው መንኰራኵር ነበር።

ፍሬው የታየው በቬኑስ ነው። በኦክቶበር 22 ቀን 1975 የቬኔራ 9 አራፊ በቬኑስ መሬት ላይ አርፎ፥ ከሌላ ፈለክ ገጽ የተነሣውን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ በዟሪው አማካይነት ላከ። የቬኑስ ገጽ ሙቀት እርሳስን የሚያቀልጥ ስለሆነ መሣሪያው ብዙ እንደማይቆይ የታወቀ ነበር። የሚያስገርመው ግን ንግግሩ ከ53 ደቂቃ በኋላ የተቋረጠው ሙቀቱ አራፊውን ስላጠፋው ሳይሆን ዟሪው ከአድማስ በታች ስለሄደ መሆኑ ነው። ተናጋሪው ገና እየተናገረ ሳለ ሰሚው መንገዱን ቀጠለ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ያረፈው ቬኔራ 10 ለ65 ደቂቃ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ታሪክ መለስ ማለት ግድ ይሆንብናል። አስመራ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ባደረገው ዘመቻ የታወቀበት ስም የተሰጠው የአሜሪካ ጦር የራዲዮ ጣቢያ በዚያች ከተማ ነበር። (ቃኘው ራሱ የራስ መኰንን ፈረስ ስም መሆኑን አንባቢያችን ያውቃል።) በዚያ ጣቢያ ውስጥ ስቶንሃውስ በሚል ስም የሚጠራ ልዩ ክፍል ከ1965 እስከ 1975 ሠርቷል። ሁለት ታላላቅ ሰሐን መሰል አንቴናዎች ነበሩት፤ አንደኛው ስፋቱ 26 ሜትር፥ ሁለተኛው 46 ሜትር ያህል ነው። ሥራውም የሶቪየት መንኰራኵሮች ከሩቅ ጠፈር ወደ አገራቸው የሚልኩትን መልእክት ማድመጥ ነበር።

አስመራ ለዚህ የተመረጠችበት ምክንያት የጂኦግራፊ ትምህርት ላለው ሰው ግልጽ ነው። የሶቪየቶች የሩቅ ጠፈር ጣቢያ በክሪሚያ በየቭፓቶሪያ አጠገብ ነበር። አስመራ ከዚያ በስተደቡብ፥ በኬንትሮስ ግን እምብዛም ሳትርቅ ትገኛለች። አንድ መንኰራኵር ለክሪሚያ ከአድማስ በላይ በሚሆንበት ሰዓት ለአስመራም ከአድማስ በላይ ይሆናል። ሶቪየቶች ከመንኰራኵራቸው ጋር የያዙት ቀጠሮ እንዲሁ በዝምታ ለአስመራም ቀጠሮ ሆነ። ሳይጠሩት በሌላው ቀጠሮ ላይ የመጣ ሦስተኛ ሰው ማለት ይህ ነው። ጆሮው በእኛ ደጋ ላይ ተተከለ፤ የሰማውን ነገር የሚያውቀው ግን የተከለው መንግሥት ብቻ ነበር፤ የዚህ ክፍል ሥራ ለሕዝብ የተገለጠውም ጣቢያው ከተዘጋ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪዎች የቃኘውን ጣቢያ በፖለቲካው በኩል ብቻ ሲከራከሩበት መኖራቸውን ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በዚያው ግቢ ውስጥ የሰው ልጅ ከፈለኮች የሚያገኘው የመጀመሪያው ዜና ይሰማ እንደነበር ቢያውቁ ኖሮ ክርክሩ ሌላ ገጽ የሚኖረው ይመስለናል፤ ባለቤትነቱም የበለጠ ባስቆጣቸው ነበር። ስቶንሃውስ በ1975 በአካባቢው ጦርነት ምክንያት ተዘጋ፤ የቀረው የቃኘው ጣቢያም በ1977 ተዘጋ። አስመራ ዛሬ በ1993 ነጻ የሆነችው የኤርትራ ዋና ከተማ ናት።

አሜሪካኖቹ ቫይኪንግ በተባለው ሥራቸው በ1976 ሁለት ዟሪዎችና ሁለት አራፊዎች ወደ ማርስ አደረሱ። ቫይኪንግ 1 በጁላይ 20 ቀን አረፈ፤ ካረፈ 25 ሴኮንድ ያህል በኋላ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፤ ዟሪውም በዚያው ሰዓት ከበላዩ ስለነበር ፎቶግራፉን ተቀብሎ ወደ ምድር ላከው። ይህ በዕድል የሆነ አይደለም። የዟሪው ምሕዋር ከማርስ ቀን ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለተስተካከለ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአራፊው ሰማይ ላይ ይደርስ ነበር። አራፊው በቀጥታ ወደ ምድር የሚናገረው በሴኮንድ ከ250 እስከ 1000 ቢት ሲሆን በዟሪው በኩል ግን እስከ 16000 ቢት ነበር።

የቫይኪንግ 1 መጨረሻ ለጥናታችን እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለተኛው ዟሪ በ1978፥ ሁለተኛው አራፊ በኤፕሪል 1980፥ የመጀመሪያው ዟሪ በኦገስት 1980 ሥራቸውን ጨረሱ። ብቻውን የቀረው አራፊ ከዚያ በኋላ የቀረችው መንገድ አንዲት ነበረች፤ በራሱ አንቴና ምድርን እየተከተለ በቀጥታ መናገር። በኖቬምበር 1982 ያረጁትን ባትሪዎቹን ለመጠገን ከምድር አዲስ ትእዛዝ ተላከለት። ትእዛዙ ግን ስሕተት ነበረበት፤ አንቴናው ምድርን የሚፈልግበትን መመሪያ ከኮምፒዩተሩ ላይ ደምስሶ በቦታው ተጻፈ። አራፊው ከዚያች ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ የት እንደሚመልስ አላወቀም። መሣሪያው አልሞተም ነበር ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከበላዩ የሚያልፍ ማንም ስላልነበረ ድምፁን የሚሰማው አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሃያ ዓመታት ያህል በፍጥነት እናልፋለን። በ1997 ያረፈው ፓዝፋይንደር ያለ ዟሪ በቀጥታ ተናገረ። ፈረንሳዮች ለሩሲያ መንኰራኵሮች ብለው ያዘጋጁትን የቅብብል መሣሪያ የአሜሪካኖቹ ማርስ ግሎባል ሰርቬየር ይዞ ሄደ። በ1999 ግን ሁለት አደጋዎች ተከታትለው ደረሱ። በሴፕቴምበር 23 ቀን ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለው ዟሪ ጠፋ፤ አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ ሌላው በሜትር መለኪያ ሲያሰላ መቆየቱ ተገኘ። ይህ ዟሪ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ከኋላው የሚመጣውን አራፊ መልእክት መቀበል ነበር። በዲሴምበር 3 ቀን አራፊው ማርስ ፖላር ላንደር ደረሰ፤ እሱም ጠፋ። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ በሚወርድበት ሰዓት የሚናገርበት ራዲዮ ስላልተሰጠው፥ መርማሪዎቹ የሞቱን ምክንያት በግምት እንጂ በማስረጃ ሊያረጋግጡ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የወረዱ አራፊዎች እየወረዱ እንዲናገሩና አንድ ሰው እንዲሰማቸው የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሳተርን እንሂድ፤ ምክንያቱም የቅብብልን ምስጢር ከሁሉ ይልቅ የሚገልጠው ታሪክ በዚያ ተፈጽሟል።

ካሲኒ የተባለው የአሜሪካኖች መንኰራኵር ሁይገንስ የተባለውን የአውሮፓውያን አራፊ በሆዱ ተሸክሞ በኦክቶበር 1997 ከምድር ተነሣ። ሁይገንስ የሳተርን ታላቅ ጨረቃ በሆነችው በቲታን ላይ በጃንጥላ ሊወርድ፥ ካሲኒም ከሩቅ ሆኖ መልእክቱን ሊቀበል ታቅዶ ነበር። መንኰራኵሩ በጉዞ ላይ ሳለ በአውሮፓ ጠፈር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ቦሪስ ስሜድስ የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ መቀበያው እንደ እውነተኛው ሁኔታ ተደርጎ አልተፈተነም ብሎ አሳሰበ። አንዳንዶቹ አስፈላጊ አይደለም ቢሉም ሐሳቡ ተፈቀደለት። በፌብሩዋሪ 2000 ስሜድስ በካሊፎርኒያ በጎልድስቶን ካለው ታላቅ አንቴና፥ ልክ ሁይገንስ በሚወርድበት ጊዜ የሚልከውን ምልክት የሚመስል ምልክት አዘጋጅቶ ወደ ካሲኒ ላከ። ካሲኒም የሰማውን መልሶ ላከለት። የተመለሰው መረጃ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የጭነት መኪና ጡሩምባ ማድመጥ ይበቃል። መኪናው ሲመጣ ድምፁ ቀጭን፥ ካለፈ በኋላ ወፍራም ይሆናል። መኪናው ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዶቹ ይታጨቃሉ፥ ሲርቅ ይዘረጋሉ። ካሲኒ በሴኮንድ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን ፍጥነት ወደ ሁይገንስ ስለሚቀርብ የሁይገንስ ሞገድ እንዲሁ ይታጨቃል። መሐንዲሶቹ ይህን አልዘነጉም፤ ሞገዱ እንዲታጨቅ አስበው መቀበያውን አዘጋጅተውታል። የዘነጉት ሌላ ነገር ነው፤ በሞገዱ ላይ የተጫኑት ቢቶች ራሳቸውም በዚያው መጠን እንደሚታጨቁ። መቀበያው ቢቶቹን የሚቆጥረው አስቀድሞ በተነገረው ምት ብቻ ስለነበር፥ የሚመጡት ቢቶች ትንሽ ሲፈጥኑበት ቆጠራው ይጠፋበታል። መቀበያውን ለማስተካከል የምትበቃው ለውጥ ትንሽ ነበረች፤ ሆኖም መንኰራኵሩ ምድርን ትቶ ስለሄደ፥ መሣሪያውም ከሩቅ እንዲለወጥ ተደርጎ ስላልተሠራ የሚነካው እጅ አልነበረም። ከመነሣቱ በፊት ሙሉ ፈተና ቢደረግለት ኖሮ ጉድለቱ ይገኝ ነበር፤ ፈተናው የተተወው መሣሪያዎቹን መፍታትና መልሶ መግጠም የሚጠይቅ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን መለወጥ ባይቻል ቀጠሮውን ለወጡት። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሰዎች ተሰብስበው በ2001 አዲስ መንገድ አወጡ። ካሲኒ በመጀመሪያው ዕቅድ ከቲታን 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቦ ሊያልፍ የነበረው ወደ 60000 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ተደረገ። ርቆ በጎን ሲያልፍ ወደ ሁይገንስ የሚቀርብበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጡሩምባውን ከመንገዱ ዳር ሳይሆን ከሩቅ ሜዳ ላይ እንደሚሰማ ሰው ይሆናል። የመውረጃውም ቀን ከኖቬምበር 2004 ወደ ጃንዋሪ 14 ቀን 2005 ተላለፈ። ሁይገንስ በዚያች ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወርዶ በቲታን ላይ አረፈ፤ ካረፈም በኋላ ካሲኒ ከአድማስ በታች እስኪሄድ ድረስ ለ72 ደቂቃ ተናገረ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሁይገንስ የሚናገረው በሁለት መስመር ነበር። ከሁለቱ የአንደኛውን መስመር መቀበያ በካሲኒ ላይ የሚከፍተው ትእዛዝ ከትእዛዞቹ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ሁይገንስ በዚያ መስመር የላከው ሁሉ ሰሚ አጥቶ ጠፋ፤ ከ700 ያህል ፎቶግራፎች ግማሹ የጠፋው በዚህ ነው። ሰባት ዓመት የተጓዘ መሣሪያ፥ አራት ዓመት ሙሉ የታረመ ዕቅድ፥ በመጨረሻው አንድ መስመር ትእዛዝ ጎደለው። በዚያው በጠፋው መስመር ላይ የቲታንን ነፋስ የሚለካ ጥናት ነበረ። እዚህ ላይ ግን ያልታሰበ እርዳታ ተገኘ፤ በምድር ላይ ያሉ ታላላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፖች የሁይገንስን ደካማ ሞገድ ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በቀጥታ ሰምተው ስለነበር፥ የነፋሱ ልክ ከእነሱ መዝገብ ተወጣጥቶ ተገኘ። መልእክቱን ሊያነቡት አልቻሉም፤ የድምፁን መቅጠንና መወፈር ግን ሰምተዋል፤ ለነፋስ ጥናት ያ ይበቃ ነበር። እንደ አስመራው ጆሮ እነዚህም በሰው ቀጠሮ ላይ የመጡ ነበሩ፤ ልዩነቱ እነዚህ ተጋብዘው መምጣታቸው ነው።

በማርስ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ነገሩ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በጃንዋሪ ወር ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ከመረጃቸው አብዛኛውን የላኩት በ2001 ማርስ በደረሰው ዟሪ በኦዲሴይ በኩል ነው። በሜይ 2008 ያረፈው ፊኒክስ ከማርስ ገጽ ከምድር ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት መሣሪያ ጨርሶ አልነበረውም፤ ሕይወቱ በሙሉ በዟሪዎቹ እጅ ነበር። ኪውሪዮሲቲ በኦገስት 2012 ከመውረዷ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ኦዲሴይ ታሞ ስለነበር ከቀጠሮው ሰዓት ሊዘገይ ሆነ፤ በጁላይ 24 ቀን ለስድስት ሴኮንድ ያህል ሮኬቱ ተተኩሶ ምሕዋሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን በሰዓቱ ደርሶ የመውረዷን ዜና በዚያው ቅጽበት አስተላለፈ። በ2018 ኢንሳይት ሲወርድ ደግሞ ማርኮ የተባሉ፥ መጠናቸው የእጅ ሻንጣ ያህል የሆኑ ሁለት ትናንሽ መንኰራኵሮች አብረውት ሄደው መልእክቱን አቀብለው አለፉ። የአራት ደቂቃ መልእክት ካስተላለፈው ከማርስ 6 ባልንጀራ ጋር ያላቸው ዝምድና ግልጽ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚደራጅ ጥቂት እንበል። ዟሪዎቹ የአንድ ቡድን አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሳይንሳዊ ሥራ፥ የራሱ መሐንዲሶች፥ አንዳንዱም የራሱ መንግሥት አለው። አራፊዎቹም እንዲሁ። የየዟሪው ቡድን በመጪዎቹ ሳምንታት ከየትኛው አራፊ በላይ መቼ እንደሚያልፍ አስልቶ ያስታውቃል፤ የአራፊዎቹ ቡድኖች ከእነዚህ ውስጥ የሚሹትን ይጠይቃሉ፤ ዟሪው የተፈቀደውን በትእዛዝ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባል። ለዚህም ልውውጥ በካሊፎርኒያ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ማሮስ የሚባል የጋራ መዝገብ አቋቁሟል። ከባዱ ነገር የማርስ ቀን ከምድር ቀን በ40 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም ሰዓቱ በየቀኑ መሸሹ ብቻ አይደለም። የማርስ አየር ሲሞቅ ይነፋና ዟሪውን ጥቂት ስለሚጎትተው፥ ከሳምንታት በፊት የተሰላው ሰዓት መታረም አለበት። ኢንሳይትና ኪውሪዮሲቲ ደግሞ የ600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ብቻ ስለነበራቸው አንዱ ዟሪ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታያቸው ነበር፤ እሱ ግን በአንድ ጊዜ የሚያነጋግረው አንዱን ስለሆነ፥ ደቂቃዎቹን ማን ይውሰድ የሚለው ነገር በየጊዜው መወሰን ነበረበት። በአንዲት ሻይ ቤት ፊት ሁለት ባለ ደብዳቤዎች አንዱን ረዳት ሲጠብቁ ማለት ነው።

መልእክተኛው የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ ሲሆንስ? በኖቬምበር 2021 የአውሮፓው ማርስ ኤክስፕረስና የቻይናው ተሽከርካሪ ጁሮንግ አንድ ሙከራ አደረጉ። ዟሪው ጁሮንግ በሚሰማበት የሞገድ ድግግሞሽ ሊጣራ አይችልም ነበር። ሰላምታና ምላሽ ሳይኖር፥ ጁሮንግ በተወሰነው ሰዓት ወደ ሰማይ ብቻ እንዲናገር፥ ማርስ ኤክስፕረስም በዚያች ሰዓት ዝም ብሎ እንዲያደምጥ ተስማሙ። ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ በ20ኛው ቀን ተሳካ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል መረጃ ተላለፈ። በእኛ አስተያየት ይህ ከቅብብል ታሪክ ውስጥ ቀጠሮ ብቻውን ያለ ምንም ረዳት የሠራበት ጊዜ ነው።

ሰሚ መኖሩ ከጠፋ አራፊ እንኳ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁለት ምሳሌ እንጨምር። የእንግሊዞቹ ቢግል 2 በዲሴምበር 25 ቀን 2003 ወደ ማርስ ወርዶ ምንም ሳይናገር ቀረ፤ ዟሪዎች ለሳምንታት ቢያደምጡ ከንቱ ሆነ። በ2015 ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ በደኅና አርፎ ተገኘ። የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ሰሌዳዎቹ ሁሉ አልተዘረጉም ነበር፤ አንቴናው ደግሞ ከመጨረሻው ሰሌዳ በታች ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተከሰከሰ ሲባል የኖረው በእርግጥ አፉ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። በኦክቶበር 2016 የወረደው ስኪያፓሬሊ ግን በእውነት ተከሰከሰ፤ ሆኖም እየወረደ የተናገረውን ዟሪው መዝግቦለት ስለነበር፥ የመዞሪያ መለኪያው ለአንድ ሴኮንድ ያህል ስለተሳሳተ ኮምፒዩተሩ መሬት የደረሰ መስሎት ሮኬቶቹን እንዳጠፋ በማስረጃ ታወቀ። ከማርስ ፖላር ላንደር ጋር ማነጻጸሩን ለአንባቢ እንተዋለን።

በእኛ አገር ይህ የሰማይ ቀጠሮ የተጀመረው በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ነው ሊባል ይችላል። በዚያች ቀን 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ከታይዩዋን ጣቢያ ተተኮሰች፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለው ጣቢያ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን ሁለተኛይቱ ተከተለች። እነዚህ ፈለክ የሚጎበኙ አልነበሩም፤ ስለ እርሻ፥ ስለ ውሃና ስለ ደን መረጃ እንዲሰጡ የተላኩ ናቸው። ግን ችግራቸው ያው ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ የምትዞር ሳተላይት ከእንጦጦ አድማስ በላይ የምትቆየው በአንድ ማለፊያ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በቀረው ጊዜ በሌሎች አገሮች ሰማይ ላይ ትሆናለች። በእንጦጦ ያሉት ወጣት መሐንዲሶች የተማሩት እነዚያን ደቂቃዎች መጠበቅን ነው። አስመራ ላይ ከ1965 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው ሥራ በኢትዮጵያውያን እጅ በእንጦጦ እስኪሠራበት ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል።

በቃኘው ጣቢያ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥረው የነበሩ የአገር ተወላጆች ብዙ ነበሩ። ከእነሱ መካከል ዛሬ በሀዋሳና በአካባቢዋ የሚኖር ካለ፥ ስለ ሁለቱ ታላላቅ አንቴናዎች የሚያስታውሰውን ለመስማትና ለሚቀጥለው እትም ለማዘጋጀት አስበናል። አንባቢዎቻችንና መምህሮቻችን እንዲህ ያለ ሰው ቢያውቁ ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል እንዲያስታውቁልን እንለምናለን።